ከአለሙ መቃብር የተነቀለው አበባ

በእኛ ጊዜ አበባ ፍለጋ ብሎ ተቤቱ የሚወጣ ሰው አላየንም፤ ሜዳውን ሁሉ ሞልቶ እየረገጥነው ነበር የምናልፍ። ታዲያ አምና፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ሰብለ የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ተፍኖተ ሰላም መጣችና እኔ ቤት አደረች። በስልኳ ሥዕል እያሳየችኝ፣ "እማማ፣ እነዚህ ዕፅዋት ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው፤ በዚህ አገር የት የት እንደቀሩ እየመዘገብኩ ነው። ይህችን ያውቋታል?" አለችኝ። አየሁት፤ መርፌ የተሰካበት ትንሽ ትራስ የመሰለ ሐምራዊ አበባ። እንዴት አላውቀውም፣ ስንቱን ረግጬዋለሁ እኮ።

"ነገ አሳይሻለሁ" አልኳት። እና ወጣን፣ ሄድን፣ ሄድን። ሜዳ ያልኩት ባሕር ዛፍ ሆኗል፣ ሌላው ታርሷል፣ የቀረውን ከብት ግጦታል። በማግስቱም ሄድን፣ ምንም። እሷ "ይብቃን እማማ፣ ደከሙ" ትለኛለች፤ እኔ ደሞ እልህ ይዞኝ "ቤተ ክርስቲያኑን እንይ፣ እዚያ ከብት አይገባም" እላለሁ።

ታዲያ ተገኘ። የት መሰላችሁ? የሟቹ ባሌ፣ የአለሙ መቃብር ላይ። እዚያ ብቻ፣ ሰብሰብ ብሎ።

ሰብለ ተንበረከከችና "አንዱን ከነሥሩ ልንቀለው? ሌሎቹ ይቆያሉ" አለች። "አይነካም" አልኳት። ቄሱን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ዝግ ብለው፣ "መሬቱ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሟቹ ግን የሳቸው ነው። እሳቸው ይወቁ" አሏት።

"እሺ፣ ፎቶ አንስቼ እሄዳለሁ እማማ" አለች፤ አልተቆጣችም። ይኸ ነው የጎዳኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ደክሞኛል እኮ። እኔና አለሙ ልጅ አልወለድንም፤ ስሙን የሚጠራ እኔ ብቻ ነኝ። ታዲያ "ነቅለሽ ምን ታደርጊዋለሽ?" አልኳት።

"ደርቆ አዲስ አበባ ይቀመጣል። የተገኘበት ቦታ ይጻፍበታል። እኛ ካለፍን በኋላም ይኖራል።"

"የሰውስ ስም ይጻፋል?"

"የለቃሚው ብቻ ነው፣ እማማ።"

"እንግዲያ ቦታው የአለሙ መቃብር ነው። እንዲያ ብለሽ ጻፊ።"

ደብተሯን አውጥታ "እውነትም ቦታው እሱ ነው" አለችና ጻፈች፤ አነበበችልኝም። ተዚያ ራሴ ቆፈርኩት። ሥሩ ረጅም ነው፣ እንቢ ይላል፣ እኔም አላጣደፍኩትም። ጋዜጣ ውስጥ አስተኛችው።

ተዚያ ወዲህ ጉልበቴ አብጦ ይኸው ተደጅ አልወጣም። ሰብለ ደወለችልኝ፤ አበባው ቦታውን ይዟል አለችኝ። እና አስቡት፣ አለሙ በሕይወቱ ተጅጋ ገበያ ወዲያ አላለፈም፤ "ምን አጥቼ?" ይል ነበር። አሁን አዲስ አበባ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሳስበው ያስቀኛል፤ ስቄ ስጨርስ ደሞ ይደክመኛል።

"እርስዎስ እማማ፣ ሄደው አያዩትም?" ይለኛል ይኸ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ።

"በየትኛው ጉልበቴ፣ ልጄ? እስቲ ደግፈኝ፣ ጋደም ልበል።"