የአርባ ዓመቱ የሰርግ ስድብ

— ሄሎ፣ የኮልፌ ድምፅ ማኅደር፣ ዳባ ነኝ... አቤት እናቴ?

— የትኛው ካሴት?... አዎ፣ የቀራንዮው ሰርግ። ኢንተርኔት ላይ የጫንነው ባለፈው ሳምንት ነው... እንዴ! ዘፋኟ እርስዎ ነዎት?

— ይቅርታ ያድርጉልኝ... አዎ፣ «በሕይወት የለችም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የካሴቱ ሽፋን ላይ «ነፍስ ይማር» የሚል አይቼ... ለከበሮ መቺዋ ነው እንዴ? ነፍሳቸውን ይማር። እርስዎን እንኳን አቆየልን!

— ሀዊ፣ ነይማ! የቀራንዮዋ ዘፋኝ ስልክ ላይ ናቸው... አዎ፣ በሕይወት!

— ሄሎ፣ ይሰማዎታል?... እትዬ አየለች። እሺ፣ አሁኑኑ ስምዎን እጽፋለሁ... አትጻፍ? ይጥፋ?... ምነው?

— የልጅ ልጆችዎ... አያታቸው ጫማ ባደረጉ ቁጥር?... «የሚዜው ጫማ ሰፋ፣ እግሩ ውስጡ ጠፋ» እያሉ?... ሀዊ፣ አትሳቂ! — እትዬ፣ የሙሽሪት ወገን ሚዜ ካልሰደበ ሰርግ ሆነ እንዴ? ወጉ ነው እኮ። ሚዜውም ቢሆን...

— አገቧቸው?! ያንኑ ሚዜ?

— እሺ... እሺ። እውነቱን ልንገርዎት፤ ከሰበሰብናቸው ካሴቶች ሁሉ እንደርስዎ ጥርት ያለ ድምፅ የለንም። ቢጠፋ አዝናለሁ። ግን ድምፁ የእርስዎ ነው። ሳንጠይቅዎት መጫናችንም ጥፋት ነው። አውርድ ካሉኝ ዛሬውኑ አወርደዋለሁ።

— ከኋላ የሚጮኹት ማን ናቸው?... ሄሎ? ስልኩን ነጠቋቸው?... ሚዜው እርስዎ ነዎት?... ጤና ይስጥልኝ ጋሼ ጉዲሳ... እንዳይወርድ?... ጫማው የታላቅ ወንድምዎ ነበር። ገባኝ... የሚዜዎቹ ምላሽማ የለም፣ ጋሼ። እርስዎ አፍዎን ሲከፍቱ ካሴቱ አለቀ።

— አርባ ዓመት ሙሉ ምላሹን ይዘው!... ልክ ነዎት፣ የአንድ ወገን ስድብ ብቻ ማስቀመጥ ፍርድ ማጓደል ነው። እርስዎንም እንቀርጽና ጎን ለጎን እናስቀምጠዋለን። ግን ፈቃዱ የእትዬ ነው። እስቲ ይጠይቁልኝ።

— ሀዊ፣ እየጠየቋቸው ነው...

— እትዬ? ምን አሉ?... «ይዝፈን፣ እኔም እመልስለታለሁ»?... ይቆይ ማለት ነው? በስምዎ?... እግዜር ይስጥልኝ! ሀዊ፣ ፈቀዱ! መቅረጫውን ያዢ፣ ልንሄድ ነው!

— ሄሎ... ጋሼ፣ አሁን አይጀምሩ! በስልክ ጥሩ አይቀረጽም... ጋሼ!... እትዬ፣ እባክዎን እርስዎም አይመልሱላቸው! ከጦር ኃይሎች የቀራንዮ ታክሲ እንደያዝን እንደርሳለን... ኧረ በመድኃኔዓለም፣ እስክንመጣ አንዲት ስንኝ እንዳትወጣ!... እሺ፣ ዘጋሁ። ዘጋሁ!