ለልጁም እምቢ ያለው ድንኳን

ድንኳን አከራዩ አቶ ጀላል ፒያሳ ላይ ከባጃጅ ሲወርዱ ከወይዘሮ ገበያነሽ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሴትዮዋ በደስታ እጃቸውን ያዙ።

«ጋሽ ጀላል፣ እድሜ ይስጥልኝ! የጥር መጨረሻ እሑድ ልጄን በእርስዎ ትልቁ ድንኳን ልድራት ነው።»

አቶ ጀላል ክው አሉ። ያንኑ እሑድ ለገዛ ልጃቸው ለዊዳድ ሰርግ ከአማቾቻቸው ጋር ቆርጠው መመለሳቸው ነበር። ትልቁ ድንኳን ደግሞ አንድ ነው።

«የራሴ ንብረት አይደል!» እያሉ ሰኞ ገበያ ወዳለው ሱቃቸው ገሰገሱ።

ዊዳድ ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ተምራ ተመልሳ የሱቁን የኪራይ ድረ ገጽ የሠራች ልጅ ናት። አባት ድንኳኑን መረጡ፣ እሑዱን መረጡ፣ ተጫኑ። «ይህ ድንኳን በዚህ ቀን ተይዟል» አላቸው።

«አንሺልኝ ይህን ክልከላ!»

«አላነሳም፣ አባባ።»

«ድንኳኑ የማን ሆነና?»

«የእርስዎ ነው። ድንኳኑ በተለያየ ቀን መቶ ጊዜ ይመዝገብ፣ ግድ የለኝም። እሑዱም ላሉን ድንኳኖች ሁሉ ይመዝገብ። አንድ ድንኳንና አንድ ቀን ተጣምረው ግን ከአንድ ጊዜ በላይ አይገቡም።»

«እሺ፣ ማስጠንቀቂያ ብቻ ያሳየኝና ውሳኔው የኔ ይሁን።»

«አምና እንደዚያ አልነበረም እንዴ? እርስዎ እዚህ፣ ሠራተኛችን ሰይድ ኮምቦልቻ ባለው ሱቃችን ሆናችሁ እኩል አያችሁ፤ ለሁለታችሁም ክፍት ነው አላችሁ፤ እኩል ተጫናችሁ። አንዷ ሙሽራ ፀሐይ ላይ ዋለች! ስለዚህ ሕጉን መረጃው የሚቀመጥበት ቋት ውስጥ ተከልኩት። እዚያ የቀደመው ይገባል፣ የዘገየው ይመለሳል፤ ማንም ይሁን ማን።»

«ያንቺው ሰርግ ነው እኮ! ድንኳን አከራዩ ልጁን ያለ ድንኳን ዳረ ልባል ነው?»

«ይባል! የገበያነሽን ልጅ ድንኳን ቀምቼ ከማገባ፣ ወላሂ ሜዳ ላይ አገባለሁ።»

አቶ ጀላል ለሁሉም እሺ ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ደግነት ይመስላቸው ነበር። የአንዱ እሺታ የሌላው እንባ መሆኑን ያሰቡት ገና ዛሬ ነው። የገበያነሽ ደስታ ትዝ ሲላቸው ቀኗን ሊነጥቁ በማሰባቸው አፈሩ። ስልክ አንሥተው ለአማቻቸው፣ «ድንኳኔ ተይዟል፤ ሰርጉ በሳምንቱ ይሁንልን» አሉ። አማቻቸው አኮረፉ፤ ኋላ ግን ተስማሙ።

ከዚያ ወዲህ ከእሳቸው ሱቅ ቀን የያዘ ሰው ተረጋግቶ ይደግሳል። ከሩቁ ቢስቲማ ሳይቀር ደንበኛ ይመጣል። ባለሥልጣን መጥቶ፣ «ለኔ ሲሉ አንዴ ያስተካክሉልኝ» ያለ እንደሆነ አቶ ጀላል ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «ወንድሜ፣ ለልጄም እምቢ ብሏል!» ይላሉ።