ከወገቤ የተረፈው ክር

ቦርጭ እልል ሲባልለት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለኔ ቦርጭ ተብሎለታል፤ እዚሁ አሶሳ!

ባጃጅ ትቼ ጠዋት ጠዋት በእግሬ መሄድ ከጀመርኩ ወዲህ፣ በገዛ እጄ የሠራሁት ባለማንጎ ጥለት ሹራቤ ጆንያ ሆነብኝ። ሰው ሁሉ "ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" ይለኛል እንጂ እንኳን ደስ አለሽ የሚል ጠፋ። እኔው ለራሴ ልደግስ ብዬ ሹራቡን ከላይ እስከ ታች ተረተርኩና በአዲሱ ወገቤ ልክ እንደገና ሠራሁት። ይሄን የሚያህል ክር ተረፈኝ! በእሱ ደግሞ ለጎረቤቴ ለአሻ ጨቅላ፣ ደረቱ ላይ አንዲት ማንጎ ያለችበት ሚጢጢ ሹራብ ሠራሁለት።

የልጁ ስም የወጣ ቀን ቤቱ በሴቶች ጢም ብሏል። አሻ ልጇን ከፍ አድርጋ ወደ እኔ እየጠቆመች "ይሄ ሹራብ እንዳይመስላችሁ፤ የመሠረት ቦርጭ ነው! ልጄ ለበሰው!" አለች። ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተናጋ። እኔስ መች አፈርኩ! ብድግ ብዬ፣ ወገቤን ይዤ ዞርኩላቸው። "ማሻአላህ!" ይሉኛል።

ልቀመጥ ስል አንዲት እናት ቀሚሴን ያዝ አደረጉና ኮስተር ብለው "ልጄ፣ የኔዋም ልትወልድ ነው" አሉኝ። "እባክሽ ትንሽ ጨምረሽ ክሺልኝ!"