ባለ ሻሿ ወይስ አስለቃሿ

እስቲ ሙዚቃውን ቀነስ አድርጉልኝ። ቀንሱት አልኩ እንጂ አጥፉት አላልኩም። በዚህ ቤት ማጥፋት የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ እሱም ይኸው ዛሬ በጡረታ ስንሸኘው ፊት ለፊቴ የክብር ወንበር ላይ ተቀምጧል። የምትዘፍነውም የእሱ ዘፋኝ ናት። ለዛሬ ፈቅጄለታለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን ከእኔ ምንም እንዳይጠብቅ።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ እኔ የዚህ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የቅድ ክፍል ኃላፊ ነኝ። የሰው ወሬ መሐል ላይ ትቆርጣለች ብሎ "እመት መቀስ" ያለኝ እሱ ነው። እሱን "ጋሼ ፊውዝ" ያልነው ደግሞ እኛ ነን። ኤሌክትሪሺያናችን ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዘፋኝ ነገር ሲነሣበት ቶሎ ስለሚቃጠል ነው።

የመጣበትን ቀን ልንገራችሁ። መሰላል ተሸክሞ ገባና ሰላም እንኳ ሳይለን አንጋጦ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። "ማንን ፈልገው ነው?" አልኩት በትሕትና። "መብራታችሁን ላስተካክል ነው" አለና ወደ ላይ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ጧ አለ፣ የሕንፃው መብራት በሙሉ ድርግም። ሊያበራልን የመጣው ሰውዬ ሥራውን በማጥፋት ጀመረ።

ማሽኖቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከካውያ ክፍል የባትሪ ሬዲዮ ተሰማ፤ ባለ ሻሿ ትዘፍናለች። ሻሿን ከራሷ ስለማታወርድ እንዲያ የምንላት ዘፋኝ ናት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም ሴት አልዘፈነችም። እየሰማኋት ሳለ ከመሰላሉ ጫፍ አንድ ድምፅ መጣ፦

"ትሞክራለች። አስለቃሿን ግን አታክላትም።"

አስለቃሿ ማለት አሁን የምትሰሟት ይህችው ናት፤ የልደት ዘፈን ዘፍና ሰው ያስለቀሰች። "ትሞክራለች?" አልኩ መቀሴን እንደያዝኩ። አንቱታው እዚያው ላይ ቀረ። "ና ውረድ!" አልኩት። "መጀመሪያ መቀሱን አስቀምጪ" አለኝ። ይኸው በዓለም ላይ ከዘፈኑ ሴቶች ሁሉ ማን ትበልጣለች የሚለው ክርክር ያን ቀን ተጀምሮ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ሰሞኑን ሁላችሁም እየመጣችሁ በጆሮዬ ያንሾካሾካችሁትን ሰምቻለሁ። "እባክሽ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ተሸነፊለት፤ ከምንገዛለት ሰዓት ይልቅ በእሱ ይደሰታል" ብላችሁኛል። አስቤበታለሁ። መልሱን መጨረሻ ላይ ትሰማላችሁ፤ እሱም እስከዚያ ቁጭ ብሎ ይቁለጭለጭ።

የዚህ ቤት ክርክር ሕግ አለው። ማሽን እየሠራ ማንም አይከራከርም፤ አይደማመጥማ። መብራት ሲሄድ ይጀመራል፣ ጄኔሬተር ሲነሣ ያበቃል። ታዲያ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ማን ነው? ከተከራካሪዎቹ አንዱ! እየረታ ከሆነ ነጥቡን ወርወር ያደርግና ወደ ጓሮ ይሮጣል፤ እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ማሽኑ ሁሉ ይንጫጫል። እየተረታ ከሆነ ግን መጀመሪያ መነጽሩን ያወልቃል። ይጠርገዋል። "ቆይ እስቲ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው" ይላል። ከሥሩ ካየነው በኋላ ከጫፉ ያየዋል።

አለቃችን ከላይ ይወርዱና፣ "ጄኔሬተሩ ምን ሆኖ ነው?" ይላሉ።

"አየር ገብቶበት ነው ጌታዬ" ይላል እሱ።

አለቃችን፣ ዛሬ እውነቱን ይስሙት። ያ ጄኔሬተር ገባበት የተባለው አየር ሁሉ ገብቶበት ቢሆን ኖሮ እንደ ፊኛ ተነሥቶ በሄደ ነበር።

ካውያ ክፍል ያለችው እህታችን ሱሪ ያቃጠለችበትን ቀን ታስታውሳላችሁ? አትደበቂ፣ አይቼሻለሁ። መብራት ሊሄድ ሲል በሬዲዮ ባለ ሻሿ ትዘፍን ነበር። እህታችን ጆሮዋን ሰጥታ፣ ካውያውን የሰው ሱሪ መቀመጫ ላይ ረሳችው። መብራቱ ሲሄድ እኔ ሱሪውን ይዤ መሐል አዳራሽ ቆምኩ። "ይኸው ማስረጃ! ካውያ የሚያስረሳ ድምፅ ማለት ይህ ነው!" አልኩ። ረታሁ ብዬ ነበር። ጋሼ ፊውዝ ሱሪውን ተቀበለኝ፣ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገ፣ በቀዳዳው እኔን አየኝና፣ "ይህማ የሚያሳየው እንቅልፍ እንደምታመጣ ነው" አለ። ሮጦም ጄኔሬተሩን አስነሣ።

ደግሞ ዘፋኝ የሚመዝንበት የራሱ ሚዛን አለው፤ ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። "መውጣትማ ማንም ይወጣል። ዘፋኝ የምትታወቀው ድምፅዋን ይዛ ስትወርድ ነው። ከመሰላል ሰው የሚወድቀው ሲወርድ ነውና።" ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግራችሁም። የሚያሳዝነው፣ አስለቃሿ እንዴት እንደምትወርድ ሊያሳየን ራሱ ማንጎራጎሩ ነው። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ጓሮ ሄጄ ጄኔሬተሩን ላስነሣው ይዳዳኛል።

ባለቤቱ እትዬ እዚህ አሉ። አንድ ጊዜ፣ እርስዎስ ከሁለቱ ማንን ይመርጣሉ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። "እኔስ ልጄ፣ ዜና አንባቢዋን ነው የምወዳት። ዝም የሚለው እሷ ስታወራ ብቻ ነው" አሉኝ። እትዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ የእርስዎ ነው። እግዜር ያበርታዎት።

አሁን ትንሽ ሌላ ነገር ልናገር ነው። ጋሼ ፊውዝ፣ መነጽርህን ማውለቅ አያስፈልግም።

ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ሁላችሁም አልቅሳችሁልኛል። ከዚያ ወደ ሥራ ተመለስኩ፤ ግን ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ጨርቅ እዘረጋለሁ፣ በጠመኔ አሰምራለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ሳምንታት እንዲያ አለፉ። መብራት ሲሄድ እንኳ ማንም ክርክር አይጀምርም ነበር፤ እኔን ፈርታችሁ። ያን ጊዜ በሕይወት የምኖር አይመስለኝም ነበር።

አንድ ጠዋት መብራት ሄደ። ጋሼ ፊውዝ መጥቶ ጠረጴዛዬ ራስጌ ቆመ። ወደ ጓሮም አልሄደም፣ እንደምን አደርሽም አላለኝም። "ሳስበው ሳስበው" አለ፣ "የባለ ሻሿ ችግሯ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነው። ስትደርስበት ትሸሸዋለች። ዘፋኝ ደግሞ የሚለካው በመውጣት ነው።"

በመውጣት! ከዚህ ሰው አፍ! ታገሥኩ፣ ታገሥኩ፣ አልቻልኩም። መቀሱን ጣልኩት። "መውጣትማ ማንም ይወጣል ስትል የኖርከው አንተ አይደለህም?" ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ። ስለ ባለ ሻሿ ጀምሬ ስለ ባለቤቴ ነበር የማወራው፤ መቼ እንደዞርኩ አላውቅም። እሷን ሲሰማ ምሳውን ረስቶ ይቀመጥ እንደነበር ተናገርኩ። አለቀስኩ። ሁላችሁም ሰማችሁኝ። ጋሼ ፊውዝም ቆሞ ይሰማኛል፤ መነጽሩን ጨርቁ እስኪያልቅ ይጠርጋል።

እንባዬን ላብስ ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር ቤት መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል። ፀጉር ቆራጩ በኤሌክትሪክ ማሽኑ የሰው ራስ ይላጫል። ቀጥሎ ያለውም ሱቅ በርቷል። ቀኑ የጨለመብን እኛ ብቻ ነበርን።

ኋላ ወደ ጓሮ ሄዶ መብራቱን መለሰልንና እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። እጁን አየሁት፤ የዘይት ጠብታ የለበትም። "አየር ገብቶበት ነበር" አለኝ። እኔም "ይገባበታል" አልኩት። እስከ ዛሬ ከዚያ ሌላ አልተነጋገርንበትም። አመሰግንሃለሁ፣ ጋሼ። ያን ቀን ከሞት ነው የመለስከኝ።

እንግዲህ ወደ ፍርዱ። ትናንት ቤቴ ቁጭ ብዬ ለአንተ ስል ሁለቱንም አዳመጥኩ። ልሸነፍልህ ቆርጬ ነበር የተነሣሁት። አስለቃሿ ወረደች፣ ቆንጆ አድርጋ ወረደች። ከዚያ ባለ ሻሿን ከፈትኩ፣ ነገሩ አለቀ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ትበልጣለች። ደግሞስ ብሸነፍልህ ምን ብለህ ትመለሳለህ? ያለቀ ክርክር ሰው አይጠራም።

ሁላችሁም የምትፈሩትን አውቃለሁ። አዲስ የተተከለው ጄኔሬተር መብራት በሄደ ቅጽበት በራሱ ይነሣል። ለሥራው ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። እኛ ግን መቼ እናውራ? ስለዚህ አለቃችን ዘንድ ወጥቼ ጨቀጨቅኋቸው። በየወሩ የመጨረሻ ዓርብ ከምሳ በኋላ ዋናው ማጥፊያም አዲሱ ጄኔሬተርም እንዲዘጉ ተስማምተዋል። ጋሼ ፊውዝ ይመጣል። ካልመጣ ባለ ሻሿ በዝረራ አሸነፈች ማለት ነው።

በሉ ብርጭቆ አንሡ። ጋሼ ፊውዝ፣ ጤናውን ይስጥህ። ጆሮህ አይድከም። ከእንግዲህ ከወንበር በላይ ምንም ላይ አትውጣ። እትዬ ይታገሡህ፤ እኛም እንደ ታገሥንህ። በየወሩ ዓርብ በር በሩን ስናይ መሰላልህን ሳይሆን ራስህን ብቻ ይዘህ ና።

አለቃችን፣ በሩ አጠገብ ነዎት፤ በቃልዎ መሠረት እስቲ ማጥፊያውን ይጫኑልኝ።

እሰይ። ሙዚቃውም ቆመ።

አይ፣ አይ፣ አትነሣ ጋሼ! ቁጭ በል። በመስኮቱ ተመልከት፣ ፀጉር ቤቱ ጋ መብራት አለ። የእኛው ጄኔሬተር አየር ገብቶበት ነው።

ለጋሼ ፊውዝ! ጠጡ። በል እንግዲህ ጀምር፤ ባለ ሻሿን ምን ነበር ያልካት?