የእድሩ ድንኳን ይነቀል ወይስ ይቆይ?

ከጊዮርጊስ ጀርባ ስንኖር ነው። መሬት መንቀጥቀጡ ሲደጋገም ሰፈሩ የእድሩን ድንኳን ሜዳው ላይ ተክሎ እዚያ ማደር ጀመረ። በዚህ መሀል አንዲት ጎረቤታችን አረፉና ድንኳኑ ለለቅሶ ተፈለገ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሰይድ በሰው ሁሉ ፊት ወደ እኔ ዞሩ። ሥራዬ ከባድ የተፈጥሮ አደጋዎች የመድረስ ዕድላቸውን በሒሳብ መገመት መሆኑን ያውቃሉ።

«እህ፣ የኛ ምሁር፣ ይነቀል ወይስ ይቆይ?»

«ሒሳቡ የሚናገረው ስለ ረጅም ዘመን ነው እንጂ ስለ ዛሬ ማታ አይደለም። ከባድ መንቀጥቀጥ የመምጣቱ ዕድል ትንሽ ይመስለኛል፤ አይመጣም ማለት ግን አልችልም።»

«ይኸው! እንደ አየር ትንበያ ‹አልፎ አልፎ ይዘንባል› ሊለን ነው» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ።

ጋሽ ሰይድ አልሳቁም። «አንተ ራስህ ዛሬ የት ታድራለህ?»

ይህን አስልቼው አላውቅም። ትንሽ አሰብኩና «ቤቴ» አልኩ።

«በቃ፣ ንቀሉት!»

ሰው ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ ወደየቤቱ ገባ። እኔ ግድግዳውን ሳዳምጥ አደርኩ። ደግነቱ በሰላም ነጋ።

ዛሬ ሰፈሩ ፈርሶ ተበትነናል። በቀደም የኮንዶሚኒየማችን ፎቅ ሲወዛወዝ ሁላችንም ግቢ ወረድን። ሁሉም ስልኩን እያየ ቆመ፤ የጎረቤቱን ሥራ ቀርቶ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ጥቂት ቆይተን፣ ሳንነጋገር፣ ተራ በተራ ወደ ላይ ወጣን።