አባ ጀማል ጣሪያውን ያፈነ ጊዜ

እኛ ልጆች ሳለን ጎበሳ ዙሪያ ቤቱ ሁሉ የሳር ክዳን ነበር፣ ጭሱም እንፋሎቱም በሳሩ መሃል ሾልኮ ይወጣል፣ ስለ ጣሪያ ነፋስ የሚያወራ ሰው አልነበረም፣ ምን ብሎ ያወራል፣ ቤቱ ራሱ ይተነፍስ ነበራ። ታዲያ ቆርቆሮ መጣ፣ ቆርቆሮም መጥቶ አላበቃም፣ ከስሩ ኮርኒስ ይመታ ተባለ፣ እና በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሃል ያ ጨለማ ባዶ ቦታ ተፈጠረ። ማንም ገብቶ የማያየው ቦታ። እኔን ያስረጀኝ ያ ቦታ ነው። ዕድሜ አይደለም፣ እሱ ነው። ሳቁ እናንተ።

የማወራችሁ እዚሁ አሰላ ስላለው ቤታችን ነው። አባ ጀማል፣ ባለቤቴን ማለቴ ነው፣ የጎበሳውን የእህል ንግድ ለትልቁ ልጃችን ለጀማል ትቶለት፣ በቃ አሰላ ገብተን እንረፍ አለ፣ እና ቤት አሠራን። የሠራልን ግርማ ነው፣ አናጢው፣ ከአባ ጀማል ጋር ከልጅነት አብሮ ያደገ። በአረፋ ማልዶ መጥቶ እንኳን አደረሳችሁ የሚለን እሱ ነው፣ በፋሲካ ደግሞ ለእኛ ለብቻችን በሙስሊም እጅ በግ አሳርዶ ይጠራናል። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ግርማ ጣሪያውን ሲጨርስ ከጠርዙ ስር ዙሪያውን ክፍተት ተወ፣ በግራና በቀኝም ጣሪያው ከሚሾልበት ስር መስኮት ቢጤ ከፍቶ፣ ወፍና አይጥ እንዳይገባ የወንፊት ሽቦ መታበት። እና ሁለታችንንም ጠርቶ ይሄን እንዳትነኩት አለን፣ የቤቱ ሙቀትና እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያ መውጫ ካጣ ቆርቆሮው ያልበዋል አለን። እኔ እሺ አልኩ። አባ ጀማል ቶሌ፣ ቶሌ አለ። ታዲያ ቶሌ ሲል እሺ ማለቱ እንዳይመስላችሁ፣ እሱ ቶሌ ካለ አልሰማሁህም ማለቱ ነው፣ ይሄን ዕድሜዬን ሙሉ ኖሬበታለሁ።

ክረምቱ አለፈ፣ ጥቅምት ገባ፣ የአሰላን ጥቅምት ታውቁታላችሁ፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ድረስ ነው። አባ ጀማል ደግሞ ሲበርደው አይቻልም። ጋቢ ይደርባል፣ በጋቢው ላይ ካፖርት ይደርባል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል። ግርማ ቤት ነው የሠራልኝ ወይስ ወንፊት ይላል። እኔ ብርዱ በላይ አይደለም የሚገባው፣ በበሩ ነው፣ በሩን እየከፈትክ የምትተወው አንተ ነህ አልኩት። ማን ሰምቶኝ። ግርማ ለሥራ ጢቾ በሄደበት ሰሞን የቀን ሠራተኛ አመጣና ክፍተቱን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት አስጠቀጠቀ፣ የወንፊቱንም መስኮት በጣውላ አስመታ፣ በላዩ ጭቃ አስለሰነበት። ሲያበቃ እጁን አራግፎ፣ አሁን ገና ቤት ሆነ አለኝ።

ሐቁን ልንገራችሁ፣ ለጥቂት ቀን ሞቀ። እሱም ኮራብኝ። ከዚያ ማንጠባጠብ ጀመረ።

ዝናብ የለም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ውጪ ሳሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ታዲያ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ቆርቆሮውን ሞቅ ስታደርገው ከኮርኒሱ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። መጀመሪያ ሳሎን፣ ቀጥሎ ሀዋ የተኛችበት ክፍል። ሀዋ ሴቷ ልጃችን ናት፣ ወልዳ እኛ ዘንድ ልትታረስ መጥታ ነበር። የአራስ ቤት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ገንፎ ነው፣ አጥሚት ነው፣ የገላ ውሃ ማፍላት ነው፣ የሕፃን ልብስ እቤት ውስጥ ማድረቅ ነው፣ እንግዳው ገብቶ አይወጣም፣ እና ያ ሁሉ እንፋሎት ወደ ላይ ይሄዳል፣ ወጥቶስ የት ይግባ? ኮርኒሱ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ፣ ሻገተ፣ ፍራሹ ሸተተ፣ የሕፃኗ ደረት ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ፣ ልጅቷ የምትተኛው የት ነው ብላ ጠየቀች፣ ነገርናት፣ እርጥበት ያለበት ክፍል አታስተኟት አለችን። እኔ አባ ጀማልን አየሁት። እሱ ግድግዳውን ያያል።

ታዲያ በማን ያሳበበ ይመስላችኋል? በግርማ። ሚስማሩን ያለቦታው መትቶታል፣ አሮጌ ቆርቆሮ ነው ያለበሰኝ አለ። ወላሂ፣ ቆርቆሮውን መርጦ የገዛው ራሱ ነው። እኔ እንዲህ አልኩት፣ «አንተ ሰው፣ ክረምቱን ሙሉ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድበት ጠብ ያላለ ቤት እንዴት አድርጎ በበጋ ያፈሳል? ይሄ ከላይ የመጣ ውሃ አይደለም። ከድስታችን፣ ከትንፋሻችን የወጣ ነው።»

«አንቺ ስለ ጣሪያ ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ስለ ድስት ክዳን አውቃለሁ» አልኩት፣ «ስትገልጠው ከስሩ ምን ታያለህ?»

ጋቢውን ስቦ ወጣ። ወጣ ማለት ግን ገባው ማለት አይደለም።

ግርማ ከጢቾ ተመልሶ መጣ፣ አየ፣ ከረጢቱን አውጡት፣ ሌላ መድኃኒት የለውም አለ። አባ ጀማል ጥፋቱን ሊሸፍን ነው ብሎ መሰላል እንኳ ከለከለው። ይሄ ሳያንሰው ገበያ ወጣ፣ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥበት ረድፍ ላይ፣ ቤት የሚያሠራ ሰው ሁሉ በሚውልበት ቦታ ቆሞ፣ ግርማ የሚሉት ሰው ቤት አይችልም፣ ቤቴን አበሰበሰው ብሎ ተናገረ። እና ነገሩ ተዛመተ። ለግርማ ሥራ ሊሰጡ የተስማሙ ሰዎች ቆይ፣ እናስብበት ማለት ጀመሩ። ሚስቱ መንገድ ላይ ስታየኝ ተሻገረች። አልፈረድኩባትም፣ እኔም ብሆን እሻገራለሁ።

ቢቸግረኝ ሐጂ አማንን ለመንኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሁለቱንም ከልጅነታቸው ያውቃሉ፣ እሳቸው ካሉ ግርማም አይቀርም። መጡ፣ ሳሎን ተቀመጡ፣ ግርማ ከወዲያ፣ አባ ጀማል ከወዲህ። ጠዋት ነው፣ ውርጭ ያደረበት ጠዋት። አባ ጀማል ያን ቆርቆሮ ማማት ጀመረ፣ ይናገራል፣ ይናገራል፣ ፀሐይዋም ከላይ ሥራዋን ጀመረች። አንድ ጠብታ የሐጂ ኮፍያ ላይ አረፈ። እሳቸው ፈቀቅ አሉ። እዚያም ደረሰባቸው። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አባ ጀማል አሁንም ይናገራል። ከዚያ ኮርኒሱ ወደ ታች አበጠ፣ ቋ አለ፣ እና ያ ሁሉ የራሰ ጣውላ ከነከረጢቱ፣ ከነጥቁር ውሃው መጥቶ መሃላችን ምንጣፉ ላይ ተዘረገፈ።

ግርማ የመጀመሪያ ቃሉ ምን ነበር መሰላችሁ? «ሕፃኗ የት ናት?» ነው ያለው። ሮጦ ወደ ሀዋ ክፍል ገባ፣ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ደህና ነበረች፣ አልሃምዱሊላህ።

ሐጂ አማን አቧራውን ከልብሳቸው አራግፈው ወደ ላይ አዩ፣ እኛም አየን። ሰማይ የሚያሳይ ቀዳዳ አንድም የለም። ቆርቆሮው ደህና ነው፣ ከስሩ ግን ውሃው ጠብታ በጠብታ ሆኖ ተንጠልጥሏል፣ ቆርቆሮውን የተሸከመው አዲስ እንጨት ጠቁሯል፣ ሚስማሩ ዝጓል።

«ከድር» አሉት አባ ጀማልን፣ በስሙ ጠርተው፣ «ቀዳዳው የታለ?»

ከወደቀው መሃል አንድ ከረጢት በሁለት ጣት አንስተው፣ «ይሄንንስ የጠቀጠቀው ግርማ ነው?» አሉት። አባ ጀማል ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን መጥረግ ያዘ። ያ ሁሉ ንግግር የት እንደገባ እንጃ።

ግርማ ከሀዋ ክፍል ተመለሰ፣ ሁሉን አየ፣ አልሳቀብንም። ሲወጣ ብቻ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጣሪያውን እጠግንልሃለሁ። ገበያ ላይ ያልከውን ግን እኔ ልጠግነው አልችልም» አለው።

አባ ጀማል በኋላ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ በግ ልላክለት አለኝ። በግ ምን ያደርግለታል፣ ስሙን ያጠፋኸው ገበያ ላይ ነው፣ እዚያው ሄደህ መልስለት አልኩት። ሰው ይስቅብኛል አለ። ይሳቅብህ አልኩት። ቶሌ አለ። ያን ቶሌ ስሰማ ሀዋንና ሕፃኗን ይዤ እህቴ ቤት ገባሁ። የጠቀጠቅከው ቤት ውስጥ ብቻህን ሙቅ ብዬው ወጣሁ።

የገበያ ቀን እህቴ ደጅ መጥቶ ቆመ፣ ነይ እንሂድ አለ። ሄድን። ቆርቆሮ ሻጮቹ ፊት ቆሞ ስለ ገብስ ያወራል፣ ስለ መንገዱ ያወራል፣ እኔ ከኋላው ጉሮሮዬን ጠረግሁ። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ፣ «የግርማ ሥራ ደህና ነው። ቤቱን ያፈንኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ነገር። አንዱ ሻጭ፣ ወላሂ በተንኮል አይመስለኝም፣ ጆሮው ይከብደዋል፣ «ምን አልክ አባ ጀማል?» አለው። ደገመው። ያኔ ረድፉ ሁሉ ሰማ።

ግርማ መጥቶ ከረጢቱን ሁሉ አወጣ፣ መስኮቶቹን ከፈተ፣ የጠቆረውን እንጨት ቀየረ፣ አዲስ ኮርኒስ መታ። ከዚያ ወዲህ ጠብ ብሎ አያውቅም። የሕፃኗም ደረት ዳነ። ለግርማም ሥራው ተመለሰለት። ከአባ ጀማል ጋር ይነጋገራሉ፣ ይጠያየቃሉ፣ ግን እንደ ድሮው አይቀላለዱም፣ ውሸት አልነግራችሁም።

ምን አልሽ ልጄ? ብርዱስ ነው ያልሽኝ? ብርዱማ አለ፣ አሰላ አይደል እንዴ፣ የት ይሄዳል። ሰው ሲበርደው ይደርባል። ቤት ሲያልበው ግን ምኑን ያወልቃል?