የማሩ ምስክር

(አዲስ አበባ፣ የአንድ ክሊኒክ ሦስተኛ ፎቅ፤ ከደብረ ብርሃን የመጡ ሁለት እህትማማቾች፣ ታላቂቱ አስካለና ታናሺቱ ውድነሽ፣ በሐኪሙ በር ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃሉ፤ ወቅቱ የዐቢይ ጾም አጋማሽ ነው።)

አስካለ፦ አስታማሚ ካላመጣሽ አናስተኛሽም ባይሉሽ ኖሮ እኔን መቼ ታማክሪኝ ነበር።

ውድነሽ፦ ድምፅሽን ቀንሺ፣ እትዬ። ሰው ይሰማል።

አስካለ፦ ይስማ። ምርመራ ነው ብለሽ በማለዳ ከደብረ ብርሃን አስነሥተሽ ታመጪኝና፣ እዚህ ወንበር ላይ ካስቀመጥሽኝ በኋላ፣ ሐሙስ ሰው ሠራሽ ጡት ላስገባ ነው ትያለሽ።

ውድነሽ፦ ቀድሜ ብነግርሽም ይኸንኑ ትይኝ ነበር። አሁንም እያልሽኝ ነው። ምን ቀረብሽ?

አስካለ፦ እንቅልፌ።

ውድነሽ፦ ወንበሩ ሰፊ ነው፤ ጋደም በይ።

አስካለ፦ ቀልዱን ተይው። ግራ ጡትሽን የቆረጠችው ሐኪም ምን አለች? አብሬሽ ነበርኩ። ቆዳሽ ከጨረሩ ገና አላገገመም፣ ስኳርሽም አልተስተካከለም፣ ለሌላ ቀዶ ሕክምና ቢያንስ ዓመት ይለፈው አላለችም?

ውድነሽ፦ ቆዪ አለች እንጂ አታድርጊ አላለችም።

አስካለ፦ ይኸኛው ሐኪምስ?

ውድነሽ፦ ይቻላል አለ።

አስካለ፦ ይቻላልማ ምን ይከብዳል። ከገደል መዝለልም ይቻላል።

ውድነሽ፦ ጉዳቱን አልደበቀኝም። በጨረር የተጎዳ ቆዳ ቁስሉ አልዘጋ ሊል ይችላል አለኝ። መግል ከያዘ ያስገቡትን መልሰው ማውጣት አለ። እያደር ዙሪያው ሊጠነክርና ሊያም ይችላል። ደኅና ቢሆን እንኳ ለዕድሜ ልክ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ይለወጣል፤ ያም ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው። ሁሉን ሰምቼ ነው የተስማማሁት።

አስካለ፦ እኔ ደግሞ ሳታውቂ የምትገቢ መስሎኝ ነበር የምቆጣው። እያወቅሽ ከሆነማ ምን ብዬ ልቆጣሽ።

ውድነሽ፦ ሌላም መንገድ አለ፤ ከሆዴ ሥጋና ቆዳ ወስደው ይሠሩታል። የራሴው ገላ ስለሆነ እሱ ይሻላል ይላሉ። ግን ሁለት ቦታ መቀደድ ነው፤ ብዙ ያስተኛል። ለዳግማይ ትንሣኤ አያደርሰኝም።

አስካለ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ዳግማይ ትንሣኤ የይታገሱ ሠርግ ነው። ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ?

ውድነሽ፦ የሙሽራው እናት ነኝ።

አስካለ፦ የሙሽራውን እናት ማን ደረቷን ያያል? ባልሽ ካረፈ ዓመታት አለፉ፤ ነፍሱን ይማር። ታዲያ ለማን ነው? ለባለ ወፍጮው እንዳይሆን ብቻ።

ውድነሽ፦ ለየትኛው ባለ ወፍጮ?

አስካለ፦ ለአቶ ሽብሩ ነዋ። በርበሬ ልታስፈጪ በሄድሽ ቁጥር ተራ የሚያስቀድምሽ።

ውድነሽ፦ እሱ እኮ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ማንን እንደሚያስቀድም አያውቅም።

አስካለ፦ ይኸው፣ ለእሱም ሲሊኮን አያስፈልግም።

ውድነሽ፦ አታስቂኝ። ስስቅ ጠባሳው ይስበኛል።

አስካለ፦ እስካሁን?

ውድነሽ፦ እስካሁን። የልጅነት ቀሚሴን ለብሼ የተኛሁ ይመስለኛል።

አስካለ፦ አልነገርሽኝም።

ውድነሽ፦ ምን ብዬ ልንገርሽ? ከተሻለኝ ወዲህ ሰው የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ እንኳን ተረፍሽ። እውነት ነው፣ እንኳን ተረፍኩ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማንሣት ያሳፍራል።

አስካለ፦ እኔ የሰፋሁልሽስ ምን ሆነ? ባዘቶ ጠቅጥቄ፣ ክብደት እንዲኖረው ተልባ ጨምሬ የሠራሁልሽ።

ውድነሽ፦ እግዜር ይስጥልኝ፤ ጥሩ ነበር። ኪዳነ ምሕረት ሄጄ ስሰግድ ወደ አንገቴ ወጣ።

አስካለ፦ ማን ያየዋል፤ ሰው ሁሉ ተደፍቶ።

ውድነሽ፦ አንዲት ሕፃን አየች። በጣቷ እያሳየች እናቷን ጠየቀቻት፤ እናቲቱ ደግሞ አፏን አፈነቻት። አፏን ባታፍናት ይሻለኝ ነበር። ቅዳሴው ሳያልቅ ወጥቼ ሄድኩ።

አስካለ፦ ከተማ የሚሸጠውን፣ ጡት ማስያዣ ውስጥ የሚከቱትን እንገዛለን። ያ አይንሸራተትም አሉ።

ውድነሽ፦ አለኝ። አሁንም አድርጌዋለሁ። ለሰው ዓይን ይበቃል።

አስካለ፦ ለሰው ዓይን ከበቃ ሌላ ምን ቀረ?

ውድነሽ፦ ዘነበች መጥታለች።

አስካለ፦ ከቤሩት መመለሷን ሰምቻለሁ። የወለደችው ልጅ ሲዳር ብትመጣ ምን ይገርማል።

ውድነሽ፦ ትምጣ። እኔ አልጠላኋትም። ይታገሱን ጥላው የሄደችው ጨክና አይደለም፤ የምታበላው አጥታ ነው። ከመጣችም ወዲህ ክፉ ቃል አልወጣትም። እኔን ስታይ እጇን ምን እንደምታደርገው ይጠፋታል።

አስካለ፦ እሺ፤ ታዲያ ምን ተፈጠረ?

ውድነሽ፦ ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎቹ ስለ ሠርጉ ሊነጋገሩ ቤቴ ተሰብስበው ነበር። የዘነበች ወንድምም ነበረ። እኔ ጓዳ ጠላ እቀዳለሁ። ሙሽራው የማንን ጉልበት አስቀድሞ ይሳም የሚለው ተነሣ። አንዱ የውድነሽን ነው አለ፤ የጡት እናቱ ናት፣ በሽማግሌ ፊት ጡቷን ሰጥታው የጡት ልጇ አድርጋዋለች፣ አሳድጋ ለወግ አብቅታዋለች። ብዙ ጥሩ ነገር ተናገረ። የዘነበች ወንድም ሳቀ።

አስካለ፦ ምን ብሎ?

ውድነሽ፦ "በየትኛው ጡቷ?" ብሎ።

አስካለ፦ አፉ ይድረቅ።

ውድነሽ፦ "ያጠባችበት ተቆርጦ ተጥሏል፤ በምኗ ነው የጡት እናት የምትባለው?" አለ።

አስካለ፦ ሌሎቹስ ምን መለሱ?

ውድነሽ፦ አንዱ አሳለ። እኔ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ገባሁና በየተራ ቀዳሁላቸው። ለእሱም ቀዳሁለት።

አስካለ፦ አናቱ ላይ በደፋሽበት።

ውድነሽ፦ ጌሾው አሳዘነኝ።

አስካለ፦ ይታገሱስ ሰማ?

ውድነሽ፦ ደጅ በር ላይ ነበር። ይስማ አይስማ አላውቅም። ሲገባ ዓይኑን ላየው አልቻልኩም።

አስካለ፦ የሰካራም ወሬ ነው፣ ውዴ። ተይው።

ውድነሽ፦ ሰካራም አይደለም፤ ገና አልቀመሰም ነበር። ደግሞ ከልቡ ክፉም አይመስለኝም፤ ለእህቱ ነው የሚሟገተው። እትዬ፣ እኔ አልወለድኩም። ወላድ በድባብ ትሂድ ሲባል፣ ድባቡ ሲያልፍ ፀሐይ ላይ ቆሜ የማይ ነኝ። ምጥ የለኝ፣ አራስነት የለኝ። የነበረችኝ ያቺ ጡት ናት። እናት ያሰኘችኝ እሷ ነበረች።

አስካለ፦ ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? ማሩን የያዝኩት እኔ አይደለሁም? መሪጌታ ሞገስ ከዚህ፣ አቶ ቸሬ ከዚያ ተቀምጠው፣ ባልሽ በሩ ላይ ቆሞ። ግራ ጡትሽን ማር ስቀባ ቀሚስሽ ላይ አፈሰስኩት። ቀኑን ሙሉ ዝንብ ስትከተልሽ ዋለች።

ውድነሽ፦ ሰባት ዓመት ሞልቶት ነበር። አፈረ።

አስካለ፦ ዓይኑን ጭፍን አድርጎ! ደግነቱ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ነበር። አለበለዚያ ነክሶ ያስጮኽሽ ነበር።

ውድነሽ፦ አንዴ ብቻ ሳበ። ምንም የሌለውን ጡት፣ አንዴ። ከዚያ ቀና ብሎ "ይጣፍጣል" አለ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔ ግን ከዚህ፣ ከውስጥ፣ የሆነ ነገር ወረደ። ወተት አይደለም። እስከ ዛሬ ምን እንደሆነ አላውቅም።

አስካለ፦ ይኸ ሐሙስ የሚያስገቡልሽ ያንን ያውቀዋል?

ውድነሽ፦ አያውቀውም። ቅርጹን እንጂ ስሜቱን አንመልስም ብለውኛል። ሰው ቢነካውም ላይሰማኝ ይችላል።

አስካለ፦ የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ውድነሽ፦ የሰው አይደለም፣ የፋብሪካ ነው። ተይኝ እንግዲህ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ስሞ ቀና ሲል ፊቱ እዚህ ጋ ነው የሚደርሰው። የዚያን ጊዜ ባዶ እንዲያይ አልፈልግም። ጥጥና ተልባም እንዲያይ አልፈልግም።

አስካለ፦ እሺ፣ እኔም አንድ ልጠይቅሽ። ሐሙስ ገባሽ። ቁስሉ አልዘጋ አለ፣ ስኳርሽ አሻቀበ፣ የሠርጉ ቀን እዚህ አልጋ ላይ ነሽ። እኔም አስታማሚ ነኝና አጠገብሽ ነኝ። ሙሽራው የማንን ጉልበት ይስማል?

ውድነሽ፦ የዘነበችን።

አስካለ፦ አየሽ።

ውድነሽ፦ አይቼዋለሁ። ሌት ተቀን እሱን አይደል የማየው። ብገባ ለሠርጉ መድረሴን አላውቅም። ባልገባ እደርሳለሁ፤ ግን ምን ሆኜ እንደምቀመጥ አላውቅም። አንቺ የሚሻለውን ታውቂ እንደሆነ ንገሪኝ።

አስካለ፦ አላውቅም።

ውድነሽ፦ እንግዲያው አስታምሚኝ።

አስካለ፦ ቀኙን ነው።

ውድነሽ፦ ምኑን?

አስካለ፦ ይታገሱ የጠባው። ቀኙን ነው የጠባው።

ውድነሽ፦ እትዬ።

አስካለ፦ ማሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ውድነሽ፦ አሁን እኮ፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣ ግራ ጡትሽን ስቀባ አልሽኝ።

አስካለ፦ ፊት ለፊትሽ ቆሜ ነበር። በእኔ በኩል ግራ፣ በአንቺ በኩል ቀኝ። ሳስበው ነው የታወሰኝ።

ውድነሽ፦ ገላዬ ነው። የቱ እንደሆነ እኔ አላውቅም?

አስካለ፦ አንቺ ባለጉዳይ ነሽ፤ ባለጉዳይ ለራሱ አይመሰክርም። መሪጌታ ሞገስ የሉም። አቶ ቸሬ የሉም። ባልሽ የለም። ከማሩ ምስክሮች የቀረሁት እኔ ነኝ። በየትኛው ጡቷ ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን ከእኔ ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ እሱም በተቀመጠበት፣ ቆሜ እናገራለሁ። የጠባው ቀኙን ነው፤ እሱም ደኅና ነው፤ ቦታው ላይ አለ እላለሁ።

ውድነሽ፦ በመስቀል አስምለው ቢጠይቁሽስ?

አስካለ፦ እምላለሁ።

ውድነሽ፦ በጾም?

አስካለ፦ ሠርጉ ከጾም በኋላ ነው።

ውድነሽ፦ ነፍስሽስ፣ እትዬ?

አስካለ፦ እሱን ከንስሐ አባቴ ጋር እንጨርሰዋለን። አንቺ የራስሽን ያዢ።

ውድነሽ፦ ስሜን እየጠሩ ነው።

አስካለ፦ ሰምቻለሁ። ነጠላሽ መሬት ነክቷል፣ ሰብስቢው። የሠርጉን ቀሚስ ለማን ሰጠሽ?

ውድነሽ፦ አልሰጠሁም። ልኬ እስኪታወቅ ብዬ።

አስካለ፦ ልክሽ ይታወቃል። ጥለቱን ሰፋ አድርገው ከግራ ትከሻሽ ያውርዱት። እኔ ራሴ ሸማኔው ዘንድ እሄዳለሁ።

ውድነሽ፦ እጅጌው ረዘም ይበል። ክንዴ አሁንም ያብጣል።

አስካለ፦ ረዘም ይላል። ስንወርድ መደገፊያውን ያዢ፤ ደረጃውን ገና አሁን ነው የወለወሉት።

ውድነሽ፦ የሐሙሱ ይቅር። ከዓመት በኋላ ስኳሬ ከተስተካከለ፣ ወደዚያችኛዋ ሐኪም እመለስ ይሆናል። ያኔ ለማንም ብዬ አይደለም።

አስካለ፦ ለማንም ካልሆነ አስታማሚሽ እኔ ነኝ። እንቅልፌንም አላነሣብሽም።

ውድነሽ፦ እያካፋ ነው።

አስካለ፦ ተከናነቢ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ታክሲ አናጣም።

ውድነሽ፦ እትዬ... ሌላው ሁሉ ይመንሽ። ይታገሱ ራሱ ቢጠይቅሽስ? ከሁላችን የቀረበው እሱ ነበር።

አስካለ፦ እሱማ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።